በክንድ ርቀት

ሽማግሌው ልብስ ሰፊ የተገኙት ከሲሚንቶው ደረጃ ሥር በግንባራቸው ተደፍተው ነው። አንገታቸው ተሰብሯል። በቅጡ ያልለመዱት አዲስ መነጽር ከራስጌያቸው፣ ከመጨረሻው እርከን ላይ ቁጭ ብሏል። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ደግሞ ፖሊስ ሳይመጣ ገዳዩን አውቆ ጨርሷል። ገዳዩ መነጽሩ ነው! የቀረው መነጽሩን የሠራችውን ሴት ጎትቶ ማሰር ብቻ ነው።

«ይሄ ደግሞ ምን ምርመራ ያስፈልገዋል?» አሉ የሟች ታናሽ ወንድም። ዕድሜያቸውን በሙሉ አውቶቡስ ነድተው ጡረታ የወጡ፣ ድምፃቸው እስከ ዛሬ ከሞተር ጋር የሚፎካከር ሰው ናቸው። «ወንድሜ ይቺን ደረጃ ዓይኑን ጨፍኖ ይወርዳታል። ይሄን ጉድ አፍንጫው ላይ ከሰቀሉለት ወዲህ ግን ወለሉ ይዋኝብኛል ይል ነበር። ዋኘበት፣ ወደቀ፣ አለቀ።»

«ለእርስዎ ነው እንዲህ ያሉት?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ለእኔስ አላለኝም። አማቹ፣ የልጁ ባል ነው የሰማው።»

«ለምን ለእርስዎ አልነገሩዎትም?»



ኢንስፔክተሯ ሃምሳን ያለፈች፣ ቀጭን፣ ምላሷ እንደ ምላጭ የሆነች ሴት ናት። ከእያንዳንዱ መልስ በኋላ «ለምን?» ስለምትል መሥሪያ ቤት ውስጥ «ወይዘሮ ለምን» ይሏታል፤ እሷም ታውቃለች፣ አትቆጣም። የሚያስቆጣት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «መነጽር አድርጊ» መባል። ወረቀት ስታነብ ክንዷ እስኪያልቅ ታርቀዋለች፣ ክንዷ ሲያልቅ ለሳጅኑ ትሰጠዋለች። ሳጅኑ ወፍራም፣ ደግ፣ ደረጃ የሚባል ነገር የማይወድ ሰው ነው፤ ያነብላታል፣ አይስቅባትም። ዓይን ለራሱ ባዳ ነው ይባል የለ?

«ሳጅን፣ ደረጃው እንዴት ነው?»

«ሸካራ ነው እመቤቴ። አሁን ስወጣ አደናቅፎኝ መዳፌን ልጦኛል።»

«እስቲ ያንን መነጽር እየው።»

ሳጅኑ ጓንት አድርጎ መነጽሩን አነሳ። አንደኛው እጀታ ወደ ውጭ ተጣሟል። ሌንሶቹ ግን እንደ ውሃ ጠርተዋል፤ አንድ ጭረት የለባቸውም።

«የአንተን መዳፍ የላጠ ደረጃ የፕላስቲክ ሌንስ ሲያገኝ አዘነለት?» አለች ቀስ ብላ። ሳጅኑ መነጽሩን እንደገና አገላብጦ አየ። ከሰውየው ጋር ተንከባሎ የወረደ መነጽር እንዲህ አይሆንም። አንድ ሰው አምጥቶ አስቀምጦታል።

ቤቱ ባለ አንድ ፎቅ ነው። ላይ የሽማግሌው መስፊያ ክፍልና አልጋቸው፣ ታች ደግሞ ሴት ልጃቸው ከባሏ ጋር የምትኖርባቸው ክፍሎች አሉ። ኢንስፔክተሯ መጀመሪያ ያነጋገረችው ባልየውን ነው። አማችየው በትልቅ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነው፤ ሥራውም ቤቱ ድረስ ተከትሎታል። ለፖሊሶቹ ውሃ አቀረበ፣ ወንበር ሳበ፣ ሳጅኑ ሲያልበው አይቶ መስኮት ከፈተለት። ዓይኑ በልቅሶ ቀልቷል። ግራጫ ኮቱ ልክክ ብሎበታል።

«አባባን እንደ ወለደኝ አባቴ ነበር የማያቸው» አለ። «ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ላይ ነበሩ፣ ደህና ነበሩ። እንዲያውም ይቺ ቁልፍ ረግባ 'ና ልትከልልህ' አሉኝ።» የኮቱን መካከለኛ ቁልፍ በጣቱ ነካ። «አዲሱን መነጽር አድርገው መርፌዋ ውስጥ ክሩን በአንዴ አስገቡት። 'አየህ፣ ጎረመስኩ' ብለው ሳቁብኝ። ያ ሳቅ ነው የመጨረሻው።» ዓይኑን በመሐረብ ጠረገ።

«ነፍሳቸውን ይማር። መነጽሩ ተስማምቷቸው ነበር ማለት ነው?»

«ለቅርብ አዎ። ደረጃው ላይ ነው ያስቸገራቸው። ወለሉ ይዋኝብኛል ይሉኝ ነበር። ባስጠነቅቃቸው ኖሮ…»

«ኮቱን ማን ሰፋልህ?»

«እሳቸው ናቸው፣ ለሠርጌ።»

«እጃቸው የተባረከ ነበር» አለች ኢንስፔክተሯ፤ ኮቱን ወደ ኋላ ዘንበል ብላ፣ እንደ ልማዷ ከሩቅ አየችው። ሦስት ቁልፍ አለው። ሁለቱ ከጨርቁ ትንሽ ከፍ ብለው ቆመዋል። መካከለኛው ጨርቁ ላይ ተለጥፏል።

ቀጥላ ልጅየዋን ጠራች። ልጅቷ ገና ሠላሳ አልሞላትም። ጥቁር ሻርፕ እስከ ጉንጯ ተከናንባ፣ ከመስኮቱ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች። ባሏ ከኋላዋ ቆሞ እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገ። ኢንስፔክተሯ ልጅቷ የምትተነፍሰው እጁ ሲነሳ ብቻ መሆኑን ልብ አለች።

«ያን ጊዜ የት ነበርሽ፣ የኔ ልጅ?»

«ገበያ። አባዬ ላከኝ።»

«ምን እንድታመጪ?»

«ሎሚ።»

«ቤት ውስጥ ሎሚ አልነበረም?»

ልጅቷ ወደ ባሏ ዞር ለማለት ጀምራ ተወችው።

«ነበር» አለች በመጨረሻ። «ሙሉ ሳህን ነበር።»

«ታዲያ ለምን…»

«ሽማግሌ አይደሉ? ይረሳሉ» አለ ባልየው ፈጠን ብሎ። «እመቤቴ፣ ሐዘንተኛ ናት። እባክዎ አያስጨንቋት።»

ኢንስፔክተሯ ተነሳች። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ፤ እሷ ግን በሥራ ዘመኗ የታዘበችው፣ ዝም ያለ አፍ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሌላ ሰው እጅ እንዳለ ነው። ለጊዜው ግን የያዘችው ነገር የለም። ጭረት የሌለው መነጽር፣ የተለጠፈ ቁልፍ፣ ትርፍ ሎሚ። በዚህ ማንንም አያስሩበትም።

የመነጽር ቤቱ አጠገባቸው ነው፣ ግድግዳ ለግድግዳ። የብረት መዝጊያው እስከ ግማሽ ወርዷል። ደጅ ላይ የቆሙ ሰዎች ያጉረመርማሉ፤ አንዱማ «ዓይን አጥፊ!» ብሎ መዝጊያውን በጫማው መታው። ሳጅኑ ከበተናቸው በኋላ ሁለቱም ገቡ።

መነጽር ሠሪዋ ከባንኮኒው ኋላ ነበረች። በባሏ ሞት ብቻዋን የቀረች፣ ልጇን ከዚህ ሱቅ በምታገኘው የምታሳድግ ሴት ናት። ግንባሯ ላይ አሮጌ ጠባሳ አለ። ንጹህ ሌንስ ይዛ እንደገና በጨርቅ ታጸዳለች።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች፣ ሳትጠየቅ።

«ገፍተሽ ጣልሻቸው?»

«ኧረ በፈጣሪ! እንዴት ብዬ?»

«እንግዲያው ጥፋቱን ለእኔ ተይልኝና ሥራሽን አስረጂኝ። እኔ ስለ መነጽር አላውቅም፣ ማወቅም አልፈልግም ነበር።»

ሴትየዋ በክንድ ርቀት የተያዘውን የኢንስፔክተሯን ማስታወሻ አየት አደረገች። ሳጅኑ ሳል ሳል አደረገው።

«የሳቸው ፕሮግረሲቭ የሚባለው መነጽር ነው፤ ላዩ ሩቅ ያሳያል፣ ታቹ ቅርብ» ብላ ጀመረች። «ከላይ ወደ ታች ዓይን የሚወርድባት ጠባብ መተላለፊያ አለች፤ ኮሪደር እንላታለን። ግራና ቀኟ ብዥታ ነው። የኮሪደሯን ርዝመት የምመርጠው እኔ ነኝ፣ ፍሬሙን ከሰውየው ፊት ላይ ለክቼ። አጭሯ አሥራ አንድ ሚሊ ናት፣ ረጅሟ አሥራ ስምንት።»

«ልዩነታቸው ምንድነው?»

«አጭሯ ለትንሽ ፍሬም ናት። ማንበቢያው ቶሎ ይመጣል። ግን ያልለመደ ሰው ወደ እግሩ ሲያይ በማንበቢያው በኩል ስለሚያይ ወለሉ ይዋኝበታል። ረጅሟ ቀስ ብላ ነው የምትወርደው። መሐሉ ርቀት፣ የክንድ ርቀት የምንለው፣ ሰፍቶ ጥርት ብሎ ይታያል። እሷ ግን ጥልቅ ፍሬም ትፈልጋለች።»

«ለሳቸው የቷን መረጥሽ?»

ጨርቁ ሌንሱ ላይ ቆመ።

«አጭሯን» አለች ሴትየዋ። «ፍሬማቸው ትንሽ ስለሆነ።»

ኢንስፔክተሯ ያችን ፀጥታ በልቧ ያዘቻት። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል።

«ቅሬታ ነበራቸው?»

«በማግስቱ መጥተው ነበር። ይለምዱታል አልኳቸው።»

«እኔ የጠየቅኩሽ እሳቸው ምን እንዳሉ ነው።»

የሴትየዋ ዓይን እንባ ሞላ። «እዚህ፣ እርስዎ የቆሙበት ቆመው፣ 'የሰው ፊት እንዲህ ታይቶኝ አያውቅም፤ አንቺ ግንባርሽ ላይ ጠባሳ አለ እንዴ?' ብለው ሳቁብኝ። ስንት ዓመት ጎረቤቴ ናቸው እኮ! ጠባሳዬን አይተውት አያውቁም ነበር።»

«አሮጌው መነጽራቸውስ?»

«እዚህ መሳቢያ ውስጥ ነው። አስቀረሁባቸው። አዲስ ጀማሪ ወደ አሮጌው እየተመለሰ ካጠለቀ አይለምድም። የሁላችንም አሠራር ነው።»

«ሌላ የላቸውም? ያለ መነጽርስ ቅርብ ያያሉ?»

«ሌላ የላቸውም። ያለ መነጽር የገዛ ጥፍራቸውን አይለዩም።»

ኢንስፔክተሯ አመስግና ወጣች። ቢሮ ስትደርስ የሟቹን መነጽር፣ አሻራው ከተነሳ በኋላ፣ መስኮቱ ጋ ይዛ አገላበጠችው። ሰው አለማየቱን አረጋግጣ አጠለቀችው። ዕድሜዋ ከሽማግሌው ያንስ እንጂ የዓይኗ ችግር ያው የዕድሜ ነው። ጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠው ሳጅን ጥርት ብሎ መጣ፤ ጢሙን ሲላጭ የሳታት አንዲት ፀጉር ሳትቀር ታየቻት። ደነገጠች። ጋዜጣ አንስታ አገጯን ቀና፣ ዓይኗን ዝቅ አደረገች። ፊደሉ ጭጋግ ነው። እስከ ሌንሱ ጫፍ ወረደች። ጭጋግ።

«ሳጅን፣ ይሄ ነገር ማንበቢያ የለውም።»

«የሳቸው ቁጥር ለእርስዎ ባይሆንስ፣ እመቤቴ?»

«ልክ ነህ። ይሆናል።» መነጽሩን አውልቃ ልታጸዳው ሃ! ብላ ተነፈሰችበት። በእንፋሎቱ ውስጥ፣ ሌንሱ ጥግ ላይ፣ አንዲት ደቃቃ ምልክት ብቅ አለች። ኢንስፔክተሯ ክንዷን ዘረጋች፣ ዘረጋች፣ ክንዷ አለቀ። «እንካ፤ ምን ይላል?»

ሳጅኑ ደግሞ ተነፈሰበት። «አሥራ ስምንት ይላል።»

ተያዩ።

በማግስቱ ጠዋት መነጽር ሠሪዋ ገና መዝጊያውን ሳታነሳ ኢንስፔክተሯ ደጇ ላይ ቆማ ነበር።

«አጭሯን ነው ያልሽኝ። ሌንሱ ግን አሥራ ስምንት ይላል። ለምን?»

ሴትየዋ ባንኮኒውን ተደግፋ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ሆድ ይፍጀው ያለችው ነገር ሁሉ በአንዴ ወጣ።

«መጀመሪያ ትልቅ ፍሬም ነበር የመረጡት። ለእሱ ረጅሟን አዘዝኩ፣ ትክክል ነበር። ሌንሱ ከመጣ በኋላ ሐሳባቸውን ቀየሩ፤ 'በጎልማሳነቴ የማደርጋትን ዓይነት ትንሿን ስጪኝ' አሉ። እንደገና ማዘዝ ነበረብኝ። እሳቸው ግን ቸኮሉ፣ እኔም ማስጠበቅ ፈራሁና ያንኑ ሌንስ ለትንሿ ፍሬም ቆረጥኩት። ታቹ ሲቆረጥ ማንበቢያው አብሮ ወደቀ። በማግስቱ መጥተው 'ልጄ፣ ቅርቡ አልመጣልኝም፣ መርፌ ማየት አቃተኝ' ሲሉኝ 'ይለምዱታል' አልኳቸው። ዋሸሁ። የሌለ ነገር እንዴት ይለመዳል? ይሄ ከታወቀ ሱቄም ስሜም አለቀልኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ገደልኳቸው፣ አይደል?»

ኢንስፔክተሯ ማስታወሻዋን ዘጋች።

«አንድ ነገር ንገሪኝ። ያ መነጽር ደረጃ ላይ ወለል ያዋኛል?»

«ከሌላው ያነሰ ነው እንጂ…» ሴትየዋ ቀና አለች። «ወለል የሚያዋኘው ማንበቢያው ነው። እሱ ደግሞ ተቆርጧል። በዚያ መነጽር ወደ እግር ማየት… ደህና ነው።»

«ይሄንን ሰው ሁሉ ፊት ትደግሚዋለሽ?»

«ስህተቴንም?»

«ስህተትሽንም። ከሁሉ በፊት እሱን ነው የምፈልገው።»

ሴትየዋ ሱቋን ዞር ብላ አየችው። «ልጄን የማበላበት ሥራ ነው» አለች።

«አውቃለሁ።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ላይኛው መስፊያ ክፍል ተሰበሰቡ። የስፌት መኪናው ተሸፍኗል፤ ሰፊው የመቁረጫ ጠረጴዛ ላይ መቀስ፣ ሜትር፣ የቁልፍ ቆርቆሮ አለ። ወንድምየው ክንዳቸውን አጣምረው፣ ልጅቷ እንደ ትናንቱ ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ፣ ባሏ ከኋላዋ። መነጽር ሠሪዋ ስትገባ ወንድምየው «እሷ እዚህ ምን ትሠራለች?» ብለው ጮኹ።

«ቁጭ ይበሉ ጋሼ» አለች ኢንስፔክተሯ። «ለጩኸቱ ጊዜ አለን። በሉ እንግዲህ፣ ከመነጽሩ ልጀምር። ከደረጃው ሥር ነበር፣ ግን ጭረት የለውም። ስለዚህ አልወደቀም፤ ሰው ነው ያስቀመጠው። ሰው መነጽር አምጥቶ ሬሳ አጠገብ የሚያስቀምጠው ለምንድነው? መነጽሩ እንዲወቀስ። አሁን አንቺ ተናገሪ።»

መነጽር ሠሪዋ የመለኪያ ካርዷን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። መነጽሩን በጥንቃቄ አስተካክላ አስተኛችው፣ በብዕር ሌንሱ ላይ ነጥብ አደረገች።

«ይቺ ከብሌናቸው ፊት የምትውል ነጥብ ናት። ከዚህ ወደ ታች አሥራ ስምንት ሚሊ የኮሪደሯ መጨረሻ ነው። ማንበቢያው እዚያ ነው የሚጀምረው።» ብዕሯ ወረደ፣ ከሌንሱ ጠርዝ አለፈ፣ ትንሽ ክብ የሣለችው ባዶው ካርድ ላይ ነው። «እንደምታዩት ከፍሬሙ ውጭ ነው። ማንበቢያውን ቆርጬ ጥዬዋለሁ። ስህተቱ የኔ ነው፤ ነግረውኝ እንኳ ዋሸኋቸው።»

«ይኸው! ራሷ አመነች!» አሉ ወንድምየው።

«አዎ፣ አመነች» አለች ኢንስፔክተሯ። «ግን ያመነችው ምንድነው? በዚህ መነጽር ወለል አይዋኝም፤ የሚያዋኘው ክፍል ተቆርጦ ወድቋላ። 'ወለሉ ይዋኝብኛል ብለውኛል' ያለው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው። ፕሮግረሲቭ ያደረገ ሁሉ እንደዚያ ስለሚል፣ እሳቸውም ብለው ይሆናል ብሎ ገመተ።»

አማችየው ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«እመቤቴ፣ ምናልባት ተሳስቼ ሰምቼ…»

«ምናልባት። እንግዲያው ወደ መርፌዋ እንሂድ። 'አዲሱን መነጽር አድርገው ክሩን በአንዴ አስገቡት' ብለኸኛል። በዚህ መነጽር መርፌ ማየት አይቻልም። አሮጌው መነጽር ሠሪዋ መሳቢያ ውስጥ ነው። ያለ መነጽር ጥፍራቸውን አያዩም። በምን አስገቡት?»

«የለመደ እጅ ነው! ዕድሜ ልኩን የሰፋ ሰው በዳበሳም ይሰፋል!»

«ይሄንንም አስቤዋለሁ። በዳበሳ ሊሰፉ ይችላሉ፤ ቁልፍ ተከላ እንዲህ ሊበላሽባቸው ግን አይችልም። ኮትህን አውልቅ።»

አላወለቀም። ሳጅኑ ከጀርባው ቆሞ «እባክህ ጌታዬ» አለው፣ በጣም በትህትና። ኮቱ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ።

«እነዚህ ሁለቱ እሳቸው የተከሏቸው ናቸው። ከቁልፉ ሥር ክር ተጠምጥሞ አንገት ወጥቶላቸዋል። መካከለኛው አንገት የለውም፣ ተለጥፏል። ከዚህ ቆርቆሮ ተነስቶ የተተከለ ነው። የራሱ ቁልፍ የት ሄደ? ሳጅን።»

ሳጅኑ ከኪሱ ትንሽ ከረጢት አወጣ። «ዛሬ ከደረጃው አፍ፣ ከካውያው ጠረጴዛ ሥር አገኘሁት። ተንበርክኬ ነው ያወጣሁት» አለ፣ ለታሪክ እንዲቀመጥለት። ከረጢቱ ውስጥ የኮቱ ቁልፍ ነበር፣ ከነአንገቱ፣ ከነተቦጨቀው ግራጫ ጨርቅ።

«በእርጅና የረገበ ቁልፍ ጨርቅ ቦጭቆ አይወጣም» አለች ኢንስፔክተሯ። «ሊወድቅ ያለ ሰው ያገኘውን ሲይዝ ነው እንዲህ የሚሆነው።»

«ለምን?» አሉ ወንድምየው። ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ወርዷል። «ምን በድሎት? ለምን?»

«እሱ የኔ ጥያቄ ነበር» አለች። «መልሱን ይዛ የምትኖር አለች። የኔ ልጅ፣ የልብስ ሰፊ ልጅ ነሽ። ይሄን ቁልፍ መቼ አየሽው?»

ባልየው «አትመልሺ!» አለ። ያ የሆቴሉ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ።

ልጅቷ እጆቿን አየች።

«ያን ዕለት ማታ» አለች። «ኮቱን ልሰቅል ስል። አባዬ ቁልፍ እንዲህ አይተክልም። እኔን እንኳ በስምንት ዓመቴ ነው አንገት ማውጣት ያስተማረኝ። አውቄዋለሁ። አውቄ ዝም አልኩ።»

ሻርፑን አወለቀች። ከጉንጯ እስከ ጆሮዋ ሥር ቢጫ የሆነ፣ ፓውደር ያልሸፈነው የቆየ ምት አለ። ከሥሩ ደግሞ ሌላ፣ ገና ያልጠየመ። ወንድምየው «ወይኔ!» ብለው ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። አማችየው ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ሄደ፤ ወፍራሙ ሳጅን ግን ለዚያ ቀን ብሎ የቆጠበው ፍጥነት ነበረው።

«ቁርስ ይዤለት ወጣሁ» አለች ልጅቷ፣ ወደ ማንም ሳታይ። «እዚህ ጠረጴዛ ማዶ ተቀምጦ ነበር። አየኝ። 'እስቲ ወደ ብርሃኑ ዞሪ' አለኝ። የቁምሳጥን በር መታኝ አልኩት። ምንም አልመለሰልኝም። ዝም ብሎ አየኝና 'ሂጂ ሎሚ ግዢልኝ' አለኝ። ሎሚ አለ ስለው 'ሂጂ ብያለሁ' አለ። እኔ እንድርቅ ነው። ከባሌ ጋር ብቻቸውን እንዲሆኑ። ምን ሊለው እንደሆነ እኔ አላውቅም?» ሻርፑን ጭኗ ላይ ጨበጠችው። «ሦስት ዓመት ሙሉ አላየም ነበር። በዚያን ቀን እንዴት አየኝ?»

የጠየቀችው መነጽር ሠሪዋን ነው። ሴትየዋ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ካርዱ ላይ ያስተኛችውን መነጽር፣ ከጠርዙ ውጭ የቀረውን ክብ አየች።

«ማንበቢያውን ስቆርጠው የቀራቸው መሐሉ ብቻ ነበር» አለች። «ረጅሟ ኮሪደር መሐሉን ታሰፋዋለች። ጠረጴዛ ማዶ የተቀመጠ ሰው ፊት… ከዚያ የበለጠ ጥርት ብሎ የሚታያቸው ነገር በዓለም ላይ አልነበረም።» ከዚያ፣ ልትለው ያልፈለገችውን አለችው። «ሥራዬን በትክክል ብሠራ ኖሮ፣ አጭሯን ባዝዝላቸው፣ መርፌያቸውን ያዩ ነበር። ያንቺን ፊት ላያዩት ይችሉ ነበር። ዛሬም በሕይወት ይኖሩ ነበር። ይቅር በይኝ።»

ኢንስፔክተሯ አፏን ከፈተች፤ ለዚህ ግን «ለምን» የሚባል ጥያቄ አልነበራትም። ሳጅኑ ሰውየውን ይዞ ወርዷል፤ የከባድ ጫማው ድምፅ ከሲሚንቶው ደረጃ ይሰማል።

«ባያየኝ ኖሮ» አለች ልጅቷ፣ «ከዚያ ደረጃ ሥር የምገኘው እኔ ነበርኩ።»

መነጽር ሠሪዋ አለቀሰች። ወንድምየው ተነስተው፣ ትናንት ሊያሳስሯት የነበረችውን ሴት ምን እንደሚሏት ቢቸግራቸው፣ የራሳቸውን ወንበር ሳቡላት።

ልጅቷ ሻርፑን አጥፋ ከቁልፉ ቆርቆሮ አጠገብ አስቀመጠችው። ከዚያ ወንበሯን በሁለት እጇ አንስታ ወደ መስኮቱ አዞረችና፣ ፊቷን ለብርሃኑ ሰጥታ ተቀመጠች።